ሽብርን መፍራትና የሰው ገመና

(በተማሪዎች ማኅበር የክርክርና የንግግር ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ክበቡ ለዛሬ ማታ የሰጠኝ ርእስ «መንግሥት ሕዝቡን ከሽብር ለመጠበቅ ሲል የሰውን የግል ምስጢር ሊመረምር ይገባዋልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ አዎን ወይም አይገባውም ተብሎ በአንድ ቃል የሚመለስ ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ጥያቄ በችኮላ የመለሱ አገሮች ዕዳውን ብዙ ዓመት ሲከፍሉ ታይተዋልና ጥቂት ታግሣችሁ እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ። ነገሬን በአራት ከፍዬዋለሁ። በመጀመሪያ ፍርሃቱ ከምን እንደ መጣ፣ ቀጥሎ በአሜሪካ የሆነውን፣ ከዚያም በአገራችን የሆነውን፣ በመጨረሻም ምን ቢደረግ ይሻላል የሚለውን እናገራለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ቃል ላንሣ። የግል ሕይወት መከበር የሚባለው ነገር ከፈረንጅ አገር የመጣ ቅንጦት ነው፤ ለድኃ አገር አይስማማም የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የገዛ ቋንቋቸውን የዘነጉ ይመስለኛል። አባቶቻችን «ገመና» የሚል ቃል አላቸው። ገመና ማለት ወንጀል ማለት አይደለም። የባልና የሚስት ጠብ፣ የጓዳ መጉደል፣ የቤተ ዘመድ ሕመም፣ የተበደሩት ገንዘብ፣ ይህን የመሰለው ሁሉ ገመና ነው። የሰውን ገመና የሚሸፍን ይመሰገናል፤ የሚያወጣ ይነወራል። እንግዳ እንኳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል እንጂ ዘው ብሎ አይገባም። እንግዲህ ዛሬ የምንከራከርበት ጉዳይ ከሰባት ባሕር ማዶ የመጣ አይደለም። መንግሥትም እንደ ማንኛውም እንግዳ ከደጅ ቆሞ መጣራት አለበት ወይስ የለበትም ነው ነገሩ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። ሽብር መንግሥታት ለሥልጣናቸው ሲሉ የፈጠሩት ተረት ነው የሚል ወንድም በመካከላችን ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አልስማማም። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስብሰባ አዲስ አበባ እንደ ደረሱ በመንገድ ላይ ተኩስ ተከፍቶባቸው ለጥቂት ተርፈዋል። በ1988 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሆቴሎች ቦምብ ፈንድቷል። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. በካምፓላ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጨዋታ ይመለከቱ የነበሩ ከ70 በላይ ሰዎች በአልሸባብ ቦምብ ሲገደሉ፣ ከሁለቱ ቦታዎች አንዱ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነበረ። መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ በኬንያ የጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎች ተገደሉ። ከነዚህ መካከል 142ቱ እንደ እኛ ተማሪዎች ነበሩ። ገዳዮቹ የደረሱባቸው ገና ሳይነጋ፣ ከፊሎቹ በመኝታቸው ሳሉ፣ ከፊሎቹም ለጸሎት ተሰብስበው ሳሉ ነው።

ስለዚህ መንግሥት እንዲህ ያለ ነገር የሚያሰናዱትን ሰዎች ቢከታተል፣ ስልካቸውንም ቢያደምጥ፣ ይህን የሚነቅፍ ሰው የለም። ሥራውን ባይሠራ ነው የሚወቀሰው። ጥያቄው ማንን፣ በማን ፈቃድ፣ እስከ መቼ የሚል ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ፍርሃት መልካም ዘበኛ ነው፤ ዳኛ አድርገው ሲሾሙት ግን ልጡንና እባቡን መለየት ያቅተዋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት በገንዘብም በዕውቀትም ከሁሉ የበለጠውን አገር እንመልከት።

የእኛ የዘመን መለወጫ በሆነው በመስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001፣ በኒውዮርክና በዋሽንግተን በደረሰው አደጋ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ከ45 ቀን በኋላ የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ፓትሪየት አክት የተባለውን ሕግ አጸደቁ። የዚህ ሕግ 215ኛው ክፍል መንግሥት ለሽብር ምርመራ የሚያስፈልገውን ማናቸውንም መዝገብ ከድርጅቶች እንዲወስድ የሚፈቅድ ነበረ። ሕጉን ያነበበ ሰው፣ አንድ ሰው ሲጠረጠር የእርሱ መዝገብ ይወሰዳል ብሎ ይረዳዋል። መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዝግ ችሎት በሚያስችል ፍርድ ቤት ፊት ሌላ ትርጓሜ አስጸደቀ። ይኸውም አሸባሪው ከማን ጋር እንደሚነጋገር አስቀድሞ ስለማይታወቅ የሁሉም ሰው መዝገብ ያስፈልጋል የሚል ነው። በዚህ ዓይነት በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ማን ለማን እንደ ደወለ፣ በስንት ሰዓት እንደ ደወለ፣ ለስንት ደቂቃ እንደ ተነጋገረ በየዕለቱ እየተሰበሰበ ለ5 ዓመት ይቀመጥ ጀመር። ሕዝቡ ይህን ያወቀው እ.ኤ.አ. በጁን 2013 ኤድዋርድ ስኖውደን የተባለ የ29 ዓመት ወጣት ለስለላ ድርጅቱ በኮንትራት ሲሠራ ያገኘውን ሰነድ ለጋዜጠኞች ከሰጠ በኋላ ነው።

ነገሩ በወጣ ጊዜ ባለ ሥልጣኖቹ «ቁጥሩን ብቻ እንጂ ቃላችሁን አንሰማም» ሲሉ መለሱ። ይህ መልስ ብዙ ሰው ያጽናናል። ነገር ግን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ሴት ጧት ለማኅፀን ሐኪም ደወለች፤ ቀጥላ ለእኅቷ ደውላ አንድ ሰዓት ያህል ተነጋገረች፤ ከዚያ ለጠበቃ ደወለች፤ ማታ ደግሞ ለነፍስ አባቷ ደወለች፤ ለባሏ ግን በዚያን ቀን ፈጽሞ አልደወለችም። ከተናገረችው አንዲት ቃል አልሰማንም፤ ገመናዋን ግን አውቀነዋል። ቃል ሊያታልል ይችላል፤ የደወሉበት ሰዓትና የደወሉለት ሰው ግን አያታልልም።

ይህ ሁሉ ምን ጥቅም ሰጠ? በመጀመሪያ መንግሥት በዚህና በሌሎች የስለላ ሥራዎች 54 አደጋዎች እንደ ከሸፉ ተናግሮ ነበረ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ግን የግል ሕይወትንና የዜጎችን ነጻነት የሚከታተለው የመንግሥቱ የራሱ ቦርድ ምስጢራዊውን መዝገብ ሁሉ መርምሮ፣ የስልክ መዝገቡ ክምችት በአሜሪካ ላይ ሊደርስ በነበረ አደጋ ምርመራ ውስጥ ውጤቱን የለወጠበት አንድም ጉዳይ አላገኘሁም አለ። መንግሥት ይመካበት የነበረው ዋናው ጉዳይ በሳን ዲዬጎ የሚኖር አንድ የሶማሌ ተወላጅ የታክሲ ነጂ ለአልሸባብ ወደ 8,500 ዶላር በመላኩ መከሰሱ ነበረ። በዚሁ ጉዳይ ላይ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 የይግባኝ ፍርድ ቤት የቅጣት ፍርዱን ቢያጸናም፣ የስልክ መዝገቡ አሰባሰብ ሕግን የጣሰ እንደ ነበረ ወስኗል። ክምችቱን ራሱን የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 አስቁመውታል።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የመስከረሙን አደጋ የመረመረው ኮሚሽን እንደ ገለጸው፣ ከጠላፊዎቹ መካከል ሁለቱ አስቀድሞ በአሜሪካ የስለላ ድርጅት ይታወቁ ነበር። ወሬው ግን በጊዜው ለፖሊሱ መሥሪያ ቤት በሚገባ አልደረሰም። ጎድሎ የነበረው በእጅ ያለውን ወሬ ለሚመለከተው ሰው ማድረስ ነበር። መድኃኒት ተብሎ የታዘዘው ግን ወሬ መጨመር ሆነ። ከእህል ውስጥ እንክርዳድ ለመልቀም የተቀመጠች ሴት ገለባ ቢደፉባት ሥራዋን አገዙላት አይባልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ሽብር የያዘውን ቦታ ከ60 ዓመት በፊት በአሜሪካ የያዘው ኮሚኒዝም ነበረ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1963 የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ስልክ እንዲጠለፍ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሲፈቀድ የተሰጠው ምክንያት ከአማካሪዎቻቸው መካከል ኮሚኒስት አለ የሚል ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ የኖቤልን ሽልማት ሊቀበሉ በተዘጋጁበት ጊዜ፣ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ከጆሮ ጠቢዎቹ የሰበሰበውን የግል ገመናቸውን በቴፕ ቀድቶ ራሳቸውን እንዲያጠፉ ከሚገፋፋ ስም የለሽ ደብዳቤ ጋር ላከላቸው። የውጭ ጠላት ለመፈለግ የተከፈተው ጆሮ መጨረሻው ለጥቁሮች መብት የሚታገልን ሰባኪ የመኝታ ክፍል ማድመጥ ሆነ። ይህም በሕዝብ ዘንድ በሙሉ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1975ና በ1976 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ልዩ ኮሚቴ አቋቁሞ ከመረመረ በኋላ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

በአገራችን በጽሑፍ የወጣው ሕገ መንግሥት ሁሉ ይህን ነገር ሳይነካው አላለፈም። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሕግ ከሚፈቅደው ውጭ የኢትዮጵያን ተወላጅ የደብዳቤ ምስጢር ማንም ሊደፍር እንደማይችል ይናገራል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ደግሞ አስቸኳይ ሁኔታ ካልታወጀ በቀር ደብዳቤ እንዳይመረመር ይደነግጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት 26ኛ አንቀጽ ከሁሉ ሰፋ ያለ ነው። የሰውን ቤት፣ አካልና ንብረት ከመፈተሽ ይጠብቃል፤ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ያዝዛል፤ ይህ መብት የሚገደበውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው ይላል። እንግዲህ በወረቀት በኩል ድኾች አይደለንም።

ድህነታችን ከወረቀቱ ውጭ ነው። «ሽብር» የሚለውን ቃል እንኳ ብንመረምር፣ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. መንግሥት ለራሱ ሥራ የሰጠው ስም ነበረ። ቀይ ሽብር ያለው ጠላት አልነበረም፤ ራሱ ገዢው ነው። በዚያን ዘመን ቤት ለቤት አሰሳ ተደርጓል፤ ያነበቡት መጽሐፍና የጻፉት ደብዳቤ የሞት ማስረጃ ሆኖባቸዋል፤ ካለቁትም ወጣቶች ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። በዚህ ምክንያት በእኛ አገር አንድ ሽማግሌ ሽብር የሚለውን ቃል ሲሰማ ቦምብ የያዘውን ሰው ብቻ አያስብም፤ ሌሊት በሩን የሚያንኳኳውንም ያስባል።

በነሐሴ 2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ወጣ። ይህ አዋጅ በ14ኛው አንቀጽ የስለላው መሥሪያ ቤት የፍርድ ቤት ፈቃድ አግኝቶ ስልክን፣ ፋክስን፣ ኢንተርኔትንና ፖስታን እንዲጠልፍ፣ ለዚሁም ሥራ በሰው ቤት በስውር እንዲገባ ይፈቅድ ነበረ። የፍርድ ቤት ፈቃድ መጠየቁ መልካም ነው። ነገር ግን በ23ኛው አንቀጽ ላይ የስለላ ሪፖርት ወሬው ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደ ተገኘ ባይገልጽም በማስረጃነት ይቀርባል ይላል። በ6ኛው አንቀጽ ደግሞ አንባቢ ሽብርን በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ የሚያበረታታ አድርጎ ሊረዳው የሚችል ጽሑፍ ያወጣ ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። እነዚህን አንድ ላይ ስናያቸው፣ ተከሳሹ ማን እንዳደመጠው ሳያውቅ፣ ሌላ ሰው ሊረዳው ይችላል በተባለ ትርጉም፣ 20 ዓመት ሊታሰር ይችል ነበረ ማለት ነው።

ይህም በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ዞን ዘጠኝ በሚል ስም በኢንተርኔት ይጽፉ የነበሩ ስድስት ወጣቶችና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ፤ በኋላም በዚሁ አዋጅ ተከሰሱ። ከቀረበባቸው ነገር አንዱ መልእክትን በምስጢር ቁልፍ አሽጎ ስለ መላክ ሥልጠና ወስደዋል የሚል ነበረ። ልብ በሉ፤ ደብዳቤን አሽጎ መላክ ራሱ የወንጀል ምልክት ሆነ። አምስቱ ከዓመት በላይ ከታሰሩ በኋላ ክሳቸው ተነሥቶ ተለቀቁ፤ የቀሩትን ደግሞ ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክስ ነጻ አደረጋቸው። ፍርዱ መልካም ነው፤ የታሰሩበትን ጊዜ ግን ማንም አልመለሰላቸውም።

በዚሁ ዘመን ስልኩና ኢንተርኔቱ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ነበረ። ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ በምርመራ ላይ የነበሩ ሰዎች የደወሉባቸው ቁጥሮች ዝርዝር እንደ ቀረበላቸው፣ የተቀዳ ንግግራቸውንም እንዲሰሙ እንደ ተደረጉ ገልጿል። ከአገር የወጣውም ወገናችን አላመለጠም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 ባወጧቸው ጽሑፎች፣ ከአውሮፓና ከእስራኤል ኩባንያዎች የተገዙ ሰላይ ፕሮግራሞች በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች ላይ እንደ ዋሉ አስረድተዋል። በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያ የተወለደ አሜሪካዊ በኮምፒዩተሩ ላይ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አግኝቶ የኢትዮጵያን መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በክሱ እንደ ተናገረው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጁ ለቤት ሥራው ያነበበው ሳይቀር ተሰልሏል። ፍርድ ቤቱ ግን ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመምና የውጭ መንግሥት አይከሰስም በማለት እ.ኤ.አ. በ2017 ክሱን ዘጋው። ባለቤቱ በማይታይበት መስኮት የገባ እንግዳ በየትኛውም አገር ዳኛ ፊት አልቆመም።

አሁን የምናገረው በእኔ አስተያየት የዛሬው ነገር ሁሉ ፍሬ ነው። በ2003 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ግንቦት ሰባትን፣ ኦነግንና ኦብነግን ከአልሸባብና ከአልቃይዳ ጋር በአሸባሪነት ሰየማቸው። በ2010 ዓ.ም. ያው ምክር ቤት ሦስቱን ከዝርዝሩ አወጣቸው፤ መሪዎቻቸውም በቦሌ በኩል በአቀባበል ገቡ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው መንግሥት ራሱ በእስረኞች ላይ ያደረሰው ሥቃይ የሽብር ሥራ እንደ ነበረ ተናገሩ። እንግዲህ በ2004 ዓ.ም. ከነዚህ ድርጅቶች ካንዱ ውስጥ ላለ አጎቱ በበዓል ቀን ደውሎ «እንኳን አደረሰህ» ያለ ሰው ምን ይባላል? በ2004 ዓ.ም. የአሸባሪ ግንኙነት አለው፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ደህና የእኅት ልጅ ነው። ሰውዬው አልተለወጠም፤ አጎቱም አልተለወጠም። ስሙን የሚሰጠው ሰው ፊቱን ሲያዞር ብቻ ነገሩ ተለወጠ። በመዝገብ የተያዘው የስልክ ጥሪ ግን እዚያው ተቀምጧል፤ የሚቀጥለው ስም ሰጪ እስኪመጣ ይጠብቃል። ስለዚህ «ዛሬ ያለውን መንግሥት አምነዋለሁ» የሚል ሰው ነገ የሚመጣውንም ሳያየው ማመን ይኖርበታል።

የ2001ዱ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተክቷል። አዲሱ አዋጅ በመግቢያው የቀድሞው ሕግ በዜጎች መብትና ነጻነት ላይ ጉዳት የሚያስከትሉ ክፍተቶች እንደ ነበሩበት ያምናል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። እነዚህን እንደ መልካም እርምጃ እቀበላቸዋለሁ። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው በጽሑፍ የከሠርንበት ጊዜ የለም።

የሚቃወሙን ሰዎች ሁለት ነገር ይሉናል። ፊተኛው «ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?» የሚል ነው። ንጹሕ ሰው የሚፈራው ንጹሕነቱን የሚፈርደው ሌላ ስለሆነ ነው። ደግሞም ጉዳቱን ለማየት እስር ቤት መሄድ አያስፈልግም። በየቤታችን «ይህ በስልክ አይነገርም፤ ስንገናኝ» የሚል ንግግር ምን ያህል ተለምዷል? ጨዋታው ጠንከር ሲል ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጦ የሚመለስ ሰው ያላየ አለ? እናት ለልጇ፣ ወንድም ለወንድሙ ሐሳቡን ሳይናገር ሲቀር መንግሥት አንዳች አደጋ አላከሸፈም። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። ዝምታ አይነቅዝ ይሆናል፤ ዝም ያለ ሕዝብ ግን ስሕተት ሲያይ አይናገርም፤ እውነተኛውን አደገኛ ሰው ቢያውቅ እንኳ ለፖሊስ ለመጠቆም ይፈራል። ከጆሮ ሁሉ የሚበልጠው ጆሮ የሕዝብ እምነት ነው፤ እርሱን ያጣ መንግሥት በመሣሪያ አይተካውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ለማኅበረ ሰብ ደህንነት ሲባል ሁሉም ሰው ይመርመር፤ ይህ በባሕላችን ያለ ነው» የሚል ነው። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለውን ልማድ ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ ቤት ተቃጥሎ ወይም ከብት ተሰርቆ ወንጀለኛው ሲጠፋ ያገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰብ ነበር፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስም ማንም ወደ እርሻው አይመለስም። በምስጢር የሚጠቁመውም ሰው «ወፍ» ይባል ነበረ። ይህም ልማድ ብዙ በደል ነበረበት። ቢሆንም ከዛሬው ጋር ሳነጻጽረው አውጫጭኙ ይሻላል ለማለት እገደዳለሁ። በአውጫጭኝ ጊዜ በመጀመሪያ የተሠራ ወንጀል አለ። ሁለተኛ፣ የተጠራው ሰው መጠራቱን ያውቃል፤ ስብሰባውም በጠራራ ፀሐይ ነው። ሦስተኛ፣ ሀብታሙም ድኃውም እኩል ከሜዳው ይውላል። አራተኛ፣ አንድ ቀን ያልቅና ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። የዛሬው ግን ወንጀል ሳይሠራ የሚጀመር፣ ሰው ሳይጠራ የሚሰበሰብበት፣ መርማሪው የማይመረመርበት፣ ማለቂያም የሌለው አውጫጭኝ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመጣሁት ለመንቀፍ ብቻ አይደለምና የሚመስለኝን በአጭሩ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለላ በስም በታወቀ ሰው ላይ፣ ምክንያቱ ተጽፎ፣ ዳኛ ተጠይቆ ይሁን። የሁሉንም ሰው መዝገብ አከማችቶ ተጠርጣሪውን በኋላ መፈለግ ይቅር።

ሁለተኛ፤ ፈቃዱ የተቆረጠ ቀን ይኑረው። ቀኑ ሲያልፍና ምንም ነገር ሳይገኝ ሲቀር፣ የተሰበሰበው ይጥፋ፤ የተሰለለውም ሰው ይነገረው። ቤቱ ተፈትሾ ምንም ያልተገኘበት ሰው መፈተሹን ያውቃል፤ ስልኩ የተፈተሸበትስ ለምን አያውቅም?

ሦስተኛ፤ በስለላ የተገኘ ነገር በማስረጃነት ሲቀርብ ተከሳሹና ጠበቃው ከየት እንደ መጣ መርምረው የመከራከር መብት ይኑራቸው። ምስክርን መስቀለኛ ጥያቄ መጠየቅ የሚፈቀድ ከሆነ መሣሪያንም መጠየቅ ይገባል።

አራተኛ፤ ሰላዩን የሚመረምር፣ ከሰላዩ ያልተሾመ አካል ይኑር፤ በዓመት ስንት ፈቃድ እንደ ተጠየቀና ስንቱ እንደ ተከለከለ ለሕዝብ ያሳውቅ። የአሜሪካው ቦርድ አንድም ጉዳይ አላገኘሁም ለማለት የቻለው መዝገቡን የመክፈት ሥልጣን ስለ ነበረው ነው።

አምስተኛ፤ ሽብር ማለት ሰላማዊውን ሰው መግደልና ማስፈራራት ተብሎ ጠበብ ብሎ ይተርጎም። ጽሑፍ፣ ስብሰባ፣ የሥራ ማቆም አድማና የተማሪ ንግግር በውስጡ አይግቡ።

ስድስተኛው የእኛ ድርሻ ነው። የሕግ ተማሪው እነዚህን አዋጆች ከርእሳቸው አልፎ አንቀጽ በአንቀጽ ያንብባቸው። የኮምፒዩተር ምሕንድስና የሚማረው ወንድማችን ነገ ተቀጥሮ የሚሠራው መዝገብ የማን ገመና እንደሚያድርበት ይጠይቅ፤ ይህን መሣሪያ የሚሠራውና የሚያንቀሳቅሰው ከእኛው መካከል የሚመረቅ ሰው ነውና። ሁላችንም ደግሞ የጓደኛን ደብዳቤና ስልክ ሳያስፈቅዱ ማየትን በመኝታ ክፍላችን እንደ ነውር እንቁጠረው። በትንሹ ያልለመድነውን በትልቁ ከመንግሥት ልንጠይቅ አንችልም።

ጋሪሳ ላይ የወደቁትን ተማሪዎች የሚያስብ ሰው ለመንግሥት ኃይል ሁሉ ይሰጠው ሊል ይችላል። ኀዘኑ ይገባኛል። ነገር ግን እነዚያን ተማሪዎች ያዳናቸው ነበር የሚባለው ነገር የሕዝብን ሁሉ ስልክ ማድመጥ አይደለም። በጊዜው የደረሰ ማስጠንቀቂያ፣ በር ላይ የቆመ በቂ ጥበቃ፣ ፈጥኖ የሚደርስ ኃይል ነው። በዚያን ዕለት ከናይሮቢ የተላከው ልዩ ጦር ግቢው ውስጥ የገባው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። የሚጠብቀን መንግሥት እንፈልጋለን፤ የሚጠብቀን ሰው ግን ከደጃችን ይቁም፤ መግባት ሲያስፈልገው ዳኛ አስፈቅዶ፣ ስሙን ተናግሮ፣ በበሩ ይግባ።

ክቡር ሊቀ መንበር፤ ለርእሱ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ የተጠረጠረውን ሰው በሕግ መርምር፣ ሕዝብን ግን አትጠርጥር። በዚህ የማይስማማ ወንድም ወይም እኅት ካለ መድረኩ ክፍት ነውና ተነሥቶ ይሞግተኝ።